በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች መካከል ስለሚደረገው ልውውጥ፤ ሒሳዊ አስተያየት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ነገር ብዙ መምህራን የሚያመሰግኑት፣ በጥንቃቄ የመዘኑት ሰዎች ግን ጥቂት የሆኑለት የትምህርት ዘዴ ነው። ይኸውም እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሌላ አገር ካሉና እንደ እነሱው እንግሊዝኛ ከሚማሩ እኩዮቻቸው ጋር በደብዳቤ፣ በሥዕል ወይም በኮምፒዩተር አማካይነት እየተገናኙ ቋንቋውን እንዲለማመዱና ባህላቸውን እንዲተዋወቁ የሚዘጋጀው የጋራ ሥራ ነው። አዘጋጆቹ የሚሰጡት ተስፋ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተማሪው የተማረውን ቋንቋ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለእውነተኛ ጉዳይ ይጠቀምበታል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ቀደም በካርታ ላይ ብቻ ያየውን አገር ሰው ያውቃል የሚል ነው። የመጀመሪያው ተስፋ በመጠኑም ቢሆን እንደሚፈጸም አንጠራጠርም፤ ለእኩያ መጻፍ ለመምህር ከመጻፍ ይልቅ እንደሚያተጋ ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ተስፋ ግን እንደሚነገርለት አይፈጸምም። የማይፈጸምበትም ምክንያት የተማሪዎቹ ስንፍና ወይም የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን ሥራው የሚታቀድበት መንገድ ነው ብለን እናምናለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

የተለመደው ዕቅድ ምን እንደሚመስል ብዙ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ስሙን፣ ዕድሜውንና የሚወደውን ስፖርት ይጽፋል። በሁለተኛው ስለ ከተማው፣ በሦስተኛው ስለ አገሩ ምግብና በዓል ያትታል። በአራተኛው ሳምንት ምስጋናና ስንብት ይሆናል። በወዲያኛውም በኩል እንዲሁ ይደረጋል። ሁለቱም ወገኖች ያሳያሉ፤ ሁለቱም ይመለከታሉ፤ ከዚያም ሁሉም በሰላም ይለያያሉ። እንዲህ ያለው ነገር ኤግዚቢሽን እንጂ ልውውጥ አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ በዚህ ሥራ ውስጥ ራሱን ሆኖ አይቀርብም፤ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ይሾማል። ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ስለ ሕዝቡ ይመልሳል፤ እናቱ ቡና የማትጠጣ ብትሆን እንኳ «እኛ ቡና አፍልተን ሦስት ጊዜ እንጠጣለን» ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ አንድ ልውውጥ በእውነት ልውውጥ መሆኑን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃናል፤ ከወዲያ የመጣው መልስ በወዲህ ያለውን ክፍል ሥራ ለውጦታልን? መልሱ ባይመጣስ ኖሮ ሥራው ሳይፈጸም ይቀር ነበርን? የሚያውቁትን ፕሮጀክት ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢመዝኑት ውጤቱ ያስደንቃል።

ነገሩ ኮምፒዩተር የፈጠረው አዲስ ፈሊጥ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ የተመለሰው ፈረንሳዊ መምህር ሴለስተን ፍሬኔ በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሱር ሉ በምትባል መንደር ሲያስተምር፣ በ1924 ለክፍሉ አንዲት ትንሽ የማተሚያ መኪና አስገባ። ልጆቹ የገዛ ራሳቸውን ጽሑፍ በፊደል እየለቀሙ ያትሙ ነበር። ከዚያም በብረታኝ ጠረፍ ትሬጉንክ አጠገብ ያስተምር ከነበረው ከሬኔ ዳንየል ክፍል ጋር የታተሙትን ገጾች መለዋወጥ ጀመሩ። አንዱ ክፍል ተራራማ፣ ሌላው የባሕር ዳር ነው። የልውውጡ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር ከእንግሊዝኛ ተማሪዎች ነገር ጋር ምን አገናኘው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በብረታኝ ብዙ ልጆች በቤታቸው ብረቶንኛ ይናገሩ እንደ ነበረ አንርሳ፤ ፈረንሳይኛ ለእነዚህ ልጆች የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበረ። የፍሬኔ ሥራ ለእኛ ትልቅ የሚሆንብን ግን በሌላ ምክንያት ነው። እነዚያ ገጾች «ስለ ደቡብ ፈረንሳይ ባህል» የተጻፉ አልነበሩም፤ በመንደሩ በዚያ ሳምንት የሆነውን ነገር ይናገሩ ነበር። የባሕር ዳሩ ልጅ ያልገባውን ሲጠይቅ፣ የተራራው ልጅ ከዚያ በፊት ጥያቄ ይነሣበታል ብሎ ያልጠረጠረውን ነገር ሄዶ አጣርቶ መመለስ ነበረበት። መልሱ ሥራውን ለወጠው ማለት ይህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የብዕር ጓደኝነት ሌላ መንገድ ያዘ። በ1952 በፊንላንድ በቱርኩ ከተማ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወጣቶች አገልግሎት ለትምህርት ቤቶች ቅጽ እየላከ፣ ተማሪውን ከሌላ አገር ተማሪ ጋር በዕድሜና በፍላጎት እያጣመረ እስከ 2008 ድረስ ሲሠራ ኖሯል፤ የዘጋውም ኢንተርኔት ነው። የብዕር ጓደኝነት መልካም ጎኑ መምህሩ በመካከል አለመኖሩ ነው፤ ሁለቱ ልጆች የፈለጉትን ይጽፋሉ፤ ቴምብር ይለዋወጣሉ፤ ፎቶግራፍ ይላላካሉ፤ አንዳንዴም እስከ እርጅና ይዛመዳሉ። ጉድለቱም ይኸው ነው። ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ የሚጻፍ ነገር ያልቅና አንደኛው ወገን ዝም ይላል። ዝምታውን የሚያስረዳ ሰው ስለሌለ፣ የተተወው ልጅ የዚያ አገር ሰዎች ቃል አይጠብቁም ብሎ ይደመድማል። ባህልን ለማስተዋወቅ የተጀመረው ሥራ አዲስ ጭፍን ጥላቻ ዘርቶ ያልፋል ማለት ነው።

በዛሬው ጊዜ ከሚታወቁት ማኅበሮች መካከል በዕድሜም በስፋትም ቀደም የሚለው አይ-አርን የሚባለው የመምህራን መረብ ነው። የተጀመረው በ1988፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ሳያበቃ፣ በኒው ዮርክ ግዛትና በሞስኮ ያሉ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶችን በማገናኘት ነበር። በ1994 በአርጀንቲና በፖርቶ ማድሪን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አደረገ። በዚህ መረብ ሥር የሚካሄዱት ሥራዎች ብዙ ስለ ሆኑ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሦስቱን ብቻ እንይ።

አንደኛው የበዓል ካርድ ልውውጥ ነው። በየአገሩ ያሉ ክፍሎች በጥቂት በጥቂቱ ይቧደኑና በዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚውሉትን በዓላት የሚያሳይ ካርድ በገዛ እጃቸው ሠርተው በፖስታ ይላላካሉ። ለመምህር ቀላል፣ ለዓይንም ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ካርድ በባሕርዩ መልስ የማይጠይቅ ጽሑፍ ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን እንደሚውልና የፈረንጆቹ ግን ቀደም ብሎ እንደሚያልፍ ከካርድ ላይ ሊነበብ ይችላል፤ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ስፍራ ግን በካርዱ ላይ የለም። ሁለተኛው የድብ አሻንጉሊት ልውውጥ ነው። ሁለት ክፍሎች አሻንጉሊት ይላላካሉ፤ አሻንጉሊቱ በእንግድነት በየተማሪው ቤት እያደረ ያየውን በማስታወሻ ደብተሩ «ይጽፋል»፤ ጽሑፉም ወደ አገሩ ይላካል። የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አሻንጉሊት ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት ለመገመት አያዳግትም፤ ሥራው በእርግጥ ለታናናሾቹ ይስማማል። ቢሆንም ከካርዱ ይልቅ ይህን እንመርጣለን። ተማሪው የገዛ ቤቱን በእንግዳ ዓይን እንዲያይ ይገደዳልና ነው፤ እንግዳው የማያውቀውን ለይቶ መጻፍ ከቻለ፣ ባህል ከሚለው ቃል ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከጃፓን የመጣው «ማቺንቶ» የተባለው ሥራ ነው። መነሻው ደራሲዋ ሚዮኮ ማትሱታኒ የጻፈችው የሥዕል መጽሐፍ ሲሆን ታሪኩ በነሐሴ 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ በወደቀው የአቶሚክ ቦምብ ስለ ተጎዳች ሕፃን ነው። የመጽሐፉ ስም ሕፃኗ የተናገረችው ቃል ነው፤ «ትንሽ ልጨምር» እንደ ማለት ያለ የአካባቢው የልጅ አነጋገር። ተማሪዎች ታሪኩን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ይነጋገሩበታል፤ ከዚያም ስለ ራሳቸው አገር ጦርነትና ሰላም የራሳቸውን የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅተው ይለዋወጣሉ። ይህ ሥራ ከሌሎቹ የሚበልጥበት ምክንያት በመካከሉ አንድ ያልተተረጎመ ቃል መኖሩ ነው። እንግሊዝኛው እስከዚያ ቃል ድረስ ይመጣና ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መሻገር የሚፈልግ ተማሪ ጃፓናዊውን እኩያውን መጠየቅ አለበት፤ ሌላ መዝገበ ቃላት የለውም።

ይህ ወደ ዋናው ነገራችን ያደርሰናል። ሁለት ወገኖች በሦስተኛ ቋንቋ ሲገናኙ ቋንቋው ድልድይ እንደሚሆን ሁሉ መጋረጃም ይሆናል። በአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሚጽፍለት ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቁ ይሁን እኩያው ሳያውቅ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ ወይም እርስዎ ብሎ መምረጥ ግዴታው ነው። የኮርያ ተማሪም ዕድሜን ሳያውቅ በቋንቋው እንዴት እንደሚናገር ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ከጨዋነት የመጣ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንዲት ተውላጠ ስም ይጠቀልለውና ከዓይን ይሰውረዋል። ሁለቱ ልጆች እኩል የሆኑ ይመስላቸዋል፤ እያንዳንዱ ግን በልቡ ሌላውን በአንድ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል፤ የትኛው ደረጃ እንደ ሆነ አይነጋገሩም።

በዚህ ላይ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይጨመርበታል። የእኛ አገር ተማሪ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ከአባቶቹ እንደ ወረሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጤና ይጠይቃል፤ እርሱ ራሱ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና መሆኑን ይገልጻል፤ ቤተሰብንም ሁሉ ሰላም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው መምህሩ የተደጋገመና አላስፈላጊ ብሎ ይሠርዘዋል። የተሠረዘው ነገር እኮ የተፈለገው ባህል ራሱ ነበር። ተማሪው ስለ ሰላምታ ልማዳችን በሁለተኛው ሳምንት በሦስት አንቀጽ እንዲያትት ይታዘዛል፤ ሰላምታውን ሲያቀርብ ግን ይቀጣል። በመጨረሻም ከአሥር አገሮች የሚመጡት ደብዳቤዎች ንጹሖችና ትክክለኞች፣ ደግሞም አንዱን ከአንዱ ለመለየት የማይቻሉ ሆነው ይገኛሉ። ከአማርኛ ተናጋሪው ወገን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በአገራችን እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ስለ አሲድና ስለ ጨው በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል ተማሪ ስለ አያቱ ሲጽፍ ቃል ያጥረዋል። እንግሊዝኛ ለጃፓናዊው እኩያው አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ለእርሱ ግን የትምህርቶች ሁሉ በር ነው። ሁለቱም «እንግሊዝኛ ተማሪ» ይባላሉ፤ የሚማሩት ግን አንድ ነገር አይደለም።

ክሌር ክራምሽና ስቲቨን ቶርን በ2002 ያወጡት ጥናት በዚህ ረገድ ሊነበብ የሚገባው ነው። በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ፈረንሳይኛ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በፈረንሳይ አገር ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1995 ስለ ወጣና የፓሪስን ዳርቻ ወጣቶች ኑሮ ስለሚያሳይ ፊልም ተጻጻፉ። አሜሪካኖቹ ስሜታቸውን እየገለጹ፣ ጓደኝነትን እየፈለጉ ጻፉ፤ ፈረንሳውያኑ ግን በትምህርት ቤት እንደ ተማሩት አሳብን በምክንያት እያስከተሉ እንደ ክርክር ጻፉ። አንደኛው ወገን ሌላውን ቀዝቃዛ ነው አለ፤ ሌላውም ቁም ነገር የለህም አለው። ሰዋስው ያጎደለ አልነበረም፤ የጎደለው ደብዳቤ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደ ሆነ አስቀድሞ መስማማት ነበር። በ2006 ደግሞ ሮበርት ኦዳውድና ማርኩስ ሪተር የእንደዚህ ያሉ ልውውጦችን መክሸፍ ሲመረምሩ ምክንያቶቹን በግለሰቡ፣ በክፍሉ፣ በተቋሙና በንግግሩ ዘርፍ ከፍለው አቀረቡ። እኛ ከሁለቱም ጥናቶች የምናገኘው ትምህርት ጠብ የተነሣበት ልውውጥ ከከሸፈ ልውውጥ ጋር አንድ አለመሆኑን ነው። በበርክሌይና በፈረንሳይ ተማሪዎች መካከል የተፈጠረው ቅሬታ ከመቶ የደስታ ካርድ ይልቅ ብዙ ያስተምራል፤ መምህሩ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ካለና ነገሩን ገልጦ ካነበበው።

ከዚህም ሌላ የእኩልነት ጉዳይ አለ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባወጣው መጽሐፉ፣ በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ጥላቻን የሚቀንሰው ሁለቱ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለዚያም ሲተባበሩ፣ ባለሥልጣኖችም ሲደግፉት እንደ ሆነ አመልክቷል። አዘጋጆች የመጨረሻውን አሟልተው የቀሩትን ይዘነጋሉ። በ2005 በአውሮጳ ኮሚሽን የተጀመረው ኢ-ትዊኒንግ የተባለው መረብ በዚህ በኩል ደኅና ምሳሌ ይሆናል። በፖላንድና በቱርክ፣ በግሪክና በኢጣልያ ያሉ ክፍሎች በእንግሊዝኛ ሲሠሩ ቋንቋው ለሁለቱም ባዕድ ነው፤ አራሚና ታራሚ አይሆኑም። ብሪታንያ በ2020 መጨረሻ ከዚህ ማኅበር በወጣች ጊዜም ሥራው በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ ባለቤቱ ከቤት ቢወጣ እንግዶቹ ጨዋታቸውን እንዳላቋረጡ ዓይነት።

በበለጸገና በደኸየ አገር ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረገው ዝምድና ግን ሌላ መልክ አለው። በብሪታንያና በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መካከል እንዲህ ያሉ ዝምድናዎች ከተጀመሩ ቆይተዋል። ከወዲያ መጻሕፍትና ገንዘብ ይመጣል፤ ከወዲህ ደብዳቤ ይሄዳል። እርዳታውን የምንነቅፍ አይደለንም፤ መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሚመስል አንባቢዎቻችን አይተዋል። የምንለው ሌላ ነው። ደብዳቤው የምስጋና ደብዳቤ ከሆነ ዘንድ ጸሐፊው አመስጋኝ፣ ተቀባዩ ተመስጋኝ ሆነው ይቀራሉ፤ አመስጋኙም ተመስጋኙን «ይህን ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ብሎ አይጠይቀውም። መጻሕፍቱ በአንድ መንገድ፣ የተማሪዎቹ ሥራ በሌላ መንገድ እንዲሄድ ቢደረግ፣ ማለትም ልጆቹ ስለ እርዳታው ሳይጽፉ የጋራ ሥራ ቢሰጣቸው፣ ሁለቱም ጉዳዮች ይጠቀማሉ።

እዚህ ላይ መምህራን የሚያነሡትን ተቃውሞ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ጊዜ የለም፤ ፈተና ይደርሳል፤ የሁለቱ አገሮች የትምህርት ዘመን አይገጥምም ይላሉ። እውነት ነው። የእኛ ተማሪ መስከረም ላይ ሲጀምር ጃፓናዊው በሚያዝያ የጀመረውን ዓመት እኩሌታ ጨርሶታል። በቋንቋ ደካማ ለሆነ ልጅ ደግሞ «ስለ አገሬ» የሚለው ርዕስ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ስለ ሆነ እፎይታ ነው። ይህንንም እንቀበላለን፤ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትልቅ መሆን የለበትም። ሁለት ክፍሎች አንድ ወር ሙሉ በአንዲት ትንሽ ጉዳይ ላይ ቢቆዩ ከአሥር አርእስት ይበልጣል።

ለምሳሌ አንድ የአዲስ አበባና አንድ የናይሮቢ ክፍል በስልክ ለመነጋገር ሰዓት ይቀጥሩ እንበል። ሁለቱ ከተሞች ፀሐይ የምትወጣባቸው በተቀራረበ ጊዜ ነው፤ በዓለም ሰዓትም ልዩነት የላቸውም። የእኛ ልጅ በደብዳቤው «ሁለት ሰዓት ላይ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ መምህሩ ተሳስተሃል ብሎ «ስምንት ሰዓት» በሚለው ያርምለታል። ደብዳቤው ይደርሳል፤ በተባለው ሰዓት ይገናኛሉ፤ አንድም እክል አይደርስም። የናይሮቢው ልጅ ግን በቤቱ ስዋሂሊ ሲናገር ያንኑ ሰዓት «ሳአ ምቢሊ» ይለዋል፤ ትርጉሙም ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ የእርሱም ቀን እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል። የታረመው ስሕተት ሳይታረም ደርሶት ቢሆን ኖሮ የገዛ ቤቱን አነጋገር ባዕድ ደብዳቤ ላይ ያገኘው ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ስምንት ሰዓት ብለው ተግባብተዋል፤ አንደኛው ተነሥቶ «እናትህ ይህን ሰዓት ምን ብላ ትጠራዋለች?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ነገሩን አያውቁትም።